ሟች የሌለው ድንኳን

የሽብሩ ስም በስልክ ላይ ሲወጣ የጅቡቲ ሐበሻ ሁሉ ደረቱን ይይዛል። ሰውዬው ክፉ ሆኖ አይደለም። እንዲያውም ዝንብ እንኳ በማራገቢያ አባርሮ፣ በሩን ከፍቶ የሚሸኝ ሰው ነው። ጣጣው ሥራው ነው። ሽብሩ የእድሩ ጥሩንባ ነፊ ነበር፤ ጥሩንባው ከቀረና ስልክ ከመጣ ወዲህ ደግሞ የእድሩ ደዋይ ሆነ። ጥሩንባ ሲነፋ ሰፈሩ በአንድ ጊዜ ይደነግጥና በአንድ ጊዜ ይገላገላል። ስልክ ግን ሰዉን ተራ በተራ ነው የሚያስደነግጠው።

ቀን ቀን ማዕከላዊ ገበያ ውስጥ የሰሃንና የፔርሙስ ሱቅ ይጠብቃል። ሰው ሲሞት ሱቁን ለጎረቤት አደራ ብሎ ጥላ ሥር ይቆምና መደወል ይጀምራል። መርዶ አነጋገር ያውቅበታል። መጀመሪያ ትንሽ አሞት ነበር ይላል። ቀጥሎ ሐኪም ቤት ገብቶ ነበር ይላል። እዚያ ላይ ዝም ካለ፣ ሰሚው የቀረውን ራሱ ይጨርሰዋል።

ያን ሰሞን ግን የራሱ ጭንቀት ነበረው። እሱና ሚስቱ ውብነሽ ካርቲዬ ዱ በተባለው ሰፈር፣ በአከራያቸው በሀጂ ሮብሌ ግቢ ካሉት ክፍሎች በአንዷ ይኖራሉ። ሀጂ ሮብሌ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ሰሃን ቴምር ይዘው መጡ። ሀጂ ቴምር ይዘው ሲመጡ ደግ ነገር አይሰማም።

«ሽብሩ፣ ልጄ» አሉ። «እናንተን እወዳችኋለሁ። ግቢውን ግን ላፈርሰው ነው።»

ከሙቀቱ ወራት በኋላ በግቢው ምትክ ፎቅ ይቆማል። ፎቁን የሚከራዩት ከባሕር ማዶ የሚመጡ የኩባንያ ሰዎች ናቸው፤ በየግድግዳው ማቀዝቀዣ ይኖረዋል፣ ኪራዩንም የሚከፍለው ኩባንያቸው ነው። ከተማው ሁሉ እንደዚያ እየሆነ ነው። ወደቡ ሰው ይፈልጋል፣ ሆቴሉ ሰው ይፈልጋል፣ ሰውየው የሚያድርበትን ግን ማንም አይፈልገውም። የሠራተኛ ክፍል የሚገኘው ከከተማው ጫፍ፣ ከባልባላ ማዶ፣ ዋራበሌ ነው።

ዋራበሌ ለሽብሩ አይከብደውም። ሱቅ የሚከፈተው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው። ውብነሽ ግን በባሕሩ ዳር ሆቴል የልብስ አጣቢ ነች፤ ሥራዋ የሚጀምረው ጎህ ሳይቀድ፣ የዋራበሌ ሚኒባስ ሾፌሮች ገና አልጋቸው ላይ ሲገላበጡ ነው። ከካርቲዬ ዱ በእግሯ ትሄዳለች። የልብስ ቤቱ አለቃ ደግሞ ስለ መዘግየት ያለው አቋም አጭር ነው፤ በሩ ላይ ወረፋ የያዙትን ሴቶች በአገጩ ያሳያል፣ አለቀ። ስለዚህ የተገኘው ዘዴ አንድ ነበር። ውብነሽ ከልጃገረድ ሠራተኞቹ ጋር ሆቴሉ ጓሮ እያደረች፣ ሽብሩ ዋራበሌ እያደረ፣ ዓርብ ዓርብ መገናኘት።

«ከዚህ ሁሉ ዓመት ትዳር በኋላ እጮኛ ልትሆነኝ ነው» አለች ውብነሽ።

«አበባ ይዤ እመጣለሁ» አለ ሽብሩ።

«ዱሮም አላመጣህ።»

ተሳሳቁ። ከዚያ ሁለቱም አንድ የማይረባ ነገር ለማስተካከል ተነሡ።

አንድ ተስፋ ነበር። አርሂባ ሰፈር አጠገብ፣ ከወደቡ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ባዶ ሜዳ አለ። በሜዳው ጥግ የድሮ የወደብ ሠራተኞች ይኖሩበት የነበረ፣ መስኮቱ የረገፈ አሮጌ ብሎኬት ቤት ቆሟል። የከተማው ቤቶች ቢሮ ሜዳውን ለሠራተኛ መኖሪያ ሊሰጥ አስቧል፤ ኪራዩ ከደመወዝ ጋር የሚመጣጠን፣ ሠራተኛው ሥራው አጠገብ የሚያድርበት። የሚሰጠው ግን ለተደራጀ ማኅበር ነው። ሐበሾቹ ማኅበር እንመሥርት ብለው አንድ ቀን ተሰብስበው ነበር፤ ሦስት ማኅበር መሠረቱና ሦስቱም ተጣልተው ተበተኑ። የቀረው እድሩ ብቻ ነው። እድር አይበተንም፤ ሰው መሞቱን ስለማይተው። ማኅተምም አለው። እናም ለሙታን እንጂ ለሕያዋን አንድ ጡብ አስቀምጦ የማያውቀው እድር ለቤት አመለከተ።

ከቢሮው የተመደበችው መሐንዲስ ማዳም ካድራ ትባላለች። የከተማው ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ የፀሐይ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰክታ የምትረሳ። ከሽብሩ ጋር የሚነጋገሩት በሶማሊኛ ነው፤ ስትናደድ ፈረንሳይኛ ትጨምርበታለች። ደንቡን በመጀመሪያው ቀን ነገረችው፤ ከእድሩ አባላት ከግማሽ በላይ የሆኑት በአካል ሜዳው ላይ ተገኝተው ዕቅዱን መስማት አለባቸው። የአካባቢው ነዋሪ ተቃውሞ ካለው እዚያው ያሰማል።

ሁለት ጊዜ ተጠርቶ ሁለት ጊዜ ከሸፈ። በመጀመሪያው የመጣው ሰው ባንድ አግዳሚ ወንበር ተቀምጦ ቦታ ተረፈው። በሁለተኛው ሽብሩ የማዳም ካድራን ሾፌር ጭምር ሊያስቆጥር ሞክሮ ነበር፤ አልተቀበለችውም።

«ሦስተኛው የመጨረሻ ነው» አለችው። «ቦታውን ለከባድ መኪና ማቆሚያ የሚፈልጉ አሉ። መኪና ከስብሰባ አይቀርም።»

ሽብሩ ሰው ለምን እንደማይመጣ ያውቃል። ስልኩን የሚያነሣው የለም። ያነሣ እንደሆነም እንዲህ ነው፦

«እትዬ ዙፋን፣ ሽብሩ ነኝ።»

«ማነው?»

«ሽብሩ ነኝ እኮ፣ የእድሩ…»

«አንተንማ አወቅሁህ! ማነው የሞተው ነው የምልህ!»

«ማንም አልሞተም። የፊታችን ዓርብ…»

«ቀስ እያልክ አትንገረኝ፤ ልቤ ጠንካራ ነው። አንዴ በለው!»

«ሰው አልሞተም፣ እትዬ። ስለ ቤት ነው።»

«የማን ቤት ተቃጠለ?»

ከዚያ በኋላ ስለ መኖሪያ ቤት ዕቅድ ማስረዳት አይቻልም።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ አለምሰገድ ናቸው። አባታቸው በባቡር የመጡ፣ እሳቸው ባቡር ጣቢያው አጠገብ የተወለዱ፣ የእድሩን ደንብ እንደ ዳዊት በቃል የሚወጡ ሽማግሌ። ሽብሩ ችግሩን ሲነግራቸው ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ሁለቴ መቱ።

«በቃ፣ ሰው ሞተ በላቸው።»

«ጋሼ! ያልሞተ ሰው ሞተ ብዬ አላውቅም።»

«የሞተውን አልሞተም ብለህስ አታውቅም?»

«እሱማ ሥራዬ ነው። ቢበዛ ለአምስት ደቂቃ ነው።»

ጋሽ አለምሰገድ አልገፉበትም። ሽብሩም ሐሳቡን ከጆሮው ሊያወጣ ሦስት ቀን ፈጀበት።

ሐሙስ ዕለት ማዳም ካድራ ሜዳውን ለመጨረሻው ስብሰባ ልታይ መጣች። ጠዋት ነው፤ ሆኖም አሸዋው ከጫማ በታች ይፋጃል፣ ጥላ የሚባል ነገር የብሎኬት ቤቱ ጥግ ብቻ ነው።

«እዚህ ላይ ሰው ቆሞ ሊሰማኝ አይችልም» አለች። «ድንኳን አምጡ። እኛ ለሁሉም ነገር ድንኳን እንተክላለን። መንገድ ሲመረቅ ድንኳን፣ ውሃ ጉድጓድ ሲመረቅ ድንኳን።»

«ድንኳንማ አለን!» አለ ሽብሩ። ፊቱ በራ። በዚህ ዕቅድ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እድሩ ያለው ነገር ተጠየቀ። «አግዳሚውም አለ። ማለዳ እንተክለዋለን።»

«በማለዳ ይሁን። ጫት ከገባ በኋላ ስለ ቤት የሚሰማኝ አላገኝም።»

እዚህ ላይ ሽብሩን ማንም ሊወቅሰው አይገባም፤ ሁሉም ወቀሰው እንጂ። ድንኳኑን ስንት ዘመን ተክሎ ነቅሏል። ለእሱ ሸራ ነው፣ ገመድ ነው፣ አንዱ ምሰሶ የተጣመመ ዕቃ ነው። ሌላው ሰው ያን አረንጓዴ ሸራ ከሩቅ ሲያይ ምን እንደሚያይ ማሰብ ካቆመ ቆይቷል።

ዓርብ ማለዳ ከሁለት ጎረምሶች ጋር ድንኳኑን ተከለ። አግዳሚዎቹን ደረደረ። ውብነሽ ከሥራ ፈቃድ ለምና መጥታ አቧራ ስትጠርግ ነበር። ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ሲይዝ ሽብሩ ወገቡን ይዞ ዙሪያውን አየና፣ ዛሬ እንኳ ባይመጡ ወንበር ጎደለ አይሉም አለ።

በዚያች ቅጽበት ከአስፋልቱ ማዶ ጩኸት ተሰማ።

እትዬ ዙፋን ናት። እትዬ ዙፋን የሀጂ ሮብሌ ወጥ ቤት ሠራተኛ ነች፤ የሀጂ ትልቁ ቤት፣ ነጩ፣ ባለ ከፍተኛ አጥሩ፣ ከሜዳው ጋር ይዋሰናል። ከዋራበሌ በሁለት ሚኒባስ መጥታ ወደ ሥራዋ ስትጣደፍ አረንጓዴውን ሸራ አየች። ነጠላዋን እዚያው አስፋልት ላይ ዘቅዝቃ ለበሰች፣ የያዘችውን የአትክልት ዘንቢል አንድ ሊስትሮ ላይ ጣለችና «ወይኔ! ወይኔ ወገኔ!» እያለች ሜዳውን አቋርጣ ገባች።

«እትዬ፣ ቆይ…» አለ ሽብሩ።

«አይዞህ ወንድሜ! አይዞህ!» አንገቱን አንቃ አለቀሰችበት።

ውብነሽ መጥረጊያዋን ይዛ ቀረች። እትዬ ዙፋን እሷንም አንገቷን ይዛ አለቀሰች። ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና እንባዋን እየጠረገች ስልኳን አወጣች።

እትዬ ዙፋን ስትደውል ሁሉም ያነሣል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሰው መፍሰስ ጀመረ። አስተናጋጁ ከነሽርጡ፣ የጋራዥ ሠራተኛው እጁን በናፍጣ ሊታጠብ ጀምሮ ሳይጨርስ፣ ከወደብ የሌሊት ፈረቃ የወጡት ዓይናቸው እንደ በርበሬ ቀልቶ፤ እሱ ከእንቅልፍ ማጣት ነው፣ ለለቅሶው ግን አማረበት። ከሁለቱ ስብሰባዎች የቀሩ ሁሉ መጡ። የሦስቱ የተጣሉ ማኅበሮች ሊቃነ መናብርት ሳይቀሩ አጠገብ ላጠገብ ተቀመጡ።

ማን ሞተ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ለቅሶ ቤት ገብቶ ማን ሞተ ማለት ነውር ነው፤ አልቅሶ ተቀምጦ፣ በኋላ ከጎን ካለው ቀስ ብሎ ነው የሚሰማው። ከጎን ያለውም እንደዚያው ከጎኑ ሊሰማ ነው የመጣው። ስለዚህ እያንዳንዱ እያለቀሰ በዓይኑ የጎደለውን ይፈልጋል። መጀመሪያ የጎደለው የመሰለው የጋራዡ ባለቤት ነበር፤ እሱ ራሱ እያለቀሰ ሲገባ ለቅሶው ትንሽ ደከመና ወደ ሌላ ሰው ዞረ። በመጨረሻ ሁሉም በልቡ በጋሽ አለምሰገድ ላይ ረጋ። ዕድሜያቸውም ይፈቅዳል።

ጋሽ አለምሰገድ ምርኩዛቸውን እየተደገፉ ብቅ ሲሉ ድንኳኑ ውስጥ አንድ ግራ የተጋባ ጸጥታ ሆነ። እሳቸው ግን ሕዝቡን አይተው ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ።

«ጋሼ» አለ ሽብሩ በጆሯቸው፣ «ስብሰባው እኮ ነው። የቤቱ።»

«አውቃለሁ» አሉ እያለቀሱ። «ከስብሰባው በፊት የሞተ ኖሯል እንጂ!»

ሽብሩ መካከል ገብቶ እጁን አነሣ። «ወገኖቼ…» አለ። ድንኳኑ በለቅሶ ተሰነጠቀ። የእድሩ ደዋይ አፉን ሲከፍት ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። «የለም፣ ስሙኝ…» ቢል ባሰ። ሦስተኛ ጊዜ ሊሞክር ሲል አንዲት አሮጊት ውሃ አቀረቡለትና በግድ አስቀመጡት።

የማዳም ካድራ ነጭ መኪና የመጣው በዚህ መካከል ነው። ወርዳ ሁለት እርምጃ ሄደችና ቆመች። መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ እጇ ላይ ያዘች። ሁለት ጊዜ ባዶ አግዳሚ ያየች ሴት አሁን የምታየው እስከ ገመዱ ድረስ የሞላ፣ ደረቱን የሚደቃ ሕዝብ ነው። በእሷ ቢሮ ድንኳን ማለት ምረቃ ነው።

«ሽብሩ» አለች በቀስታ። «ለቤት እንዲህ የሚያለቅስ ሰው አይቼ አላውቅም። ይህን ያህል ተቸግራችሁ ነው? ሪፖርቱ ላይ እጽፈዋለሁ። ያየሁትን እንዳለ እጽፈዋለሁ።»

 ሽብሩ ሊያስረዳት ሲል ሀጂ ሮብሌ መጡ።

ሀጂ የመጡት ሊቃወሙ ነው። ከተማው ሁሉ ያውቃል። አጥራቸው ሥር የሠራተኛ ቤት እንዲቆም አይፈልጉም፤ በግራና በቀኝ ሁለት ዘመድ አስከትለዋል፣ እጃቸው ላይ የተዘጋጀ ወረቀት ይዘዋል። ድንኳኑ በር ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ለቅሶውን አዳመጡ። ወረቀቱን በአራት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፣ መዳፎቻቸውን ዘርግተው ለሟች ፋቲሐ ቀሩ፣ ገብተው የሽብሩን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ።

«አላህ ያጽናችሁ፣ ልጄ። የቅርብ ሰው ነው?»

«ሀጂ…» አለ ሽብሩ።

«አትናገር፤ ይገባኛል» አሉ ሀጂ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ ደግ ነገር በሰው ፊት ሲነገር ደስ ይላቸዋል። «ስለ ክፍሉ አታስብ። ሐዘን የገባበትን ቤት እኔ አላፈርስም! ልባችሁ እስኪረጋ ማንም አያስነሣችሁም። ይህን የሰማ ይመስክር!»

«ሰምተናል!» አለ ድንኳኑ እያነባ።

ሽብሩ ውብነሽን አየ። ሰው ሞልቷል። መሐንዲሷ ልቧ ተነክቷል። ተቃዋሚው ወረቀቱን ኪሱ ከቶ አጽናኝ ሆኗል። ክፍላቸው ተርፋለች፤ ውብነሽ ነገ ጎህ ሳይቀድ በእግሯ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ይህ ሁሉ የሚፈልገው ዋጋ ደግሞ አንድ ሰው ዝም እንዲል ነው። ዝም ማለት ሽብሩ የሚችለው ነገር ነው፤ መርዶ ሲነግር እኩሌታው ዝምታ ነው።

ውብነሽ ዓይኗን ከእሱ ላይ አላነሣችም።

ሽብሩ ያሰበው ስለሚቀጥለው ሟች ነው። አንዱ፣ ከነዚሁ ከተቀመጡት አንዱ፣ አንድ ቀን የእውነት ይሞታል። እሱም ጥላ ሥር ቆሞ ይደውላል። ሰዎቹም «የእውነት ነው ወይስ የቤት?» ይሉታል። የዚያ ሰው ሬሳ የሚሸከመው አጥቶ ቢቀር፣ ማን ይጠየቃል? አግዳሚው ላይ ወጣ። የሚያውቀው አነጋገር አንድ ብቻ ነው፤ ቀስ እያሉ መንገር።

«ወገኖቼ» አለ። ጩኸቱ እስኪያልፍ ጠበቀ። «ትንሽ አሞት የነበረ ሰው… የለም።»

ጥቂቶች ቀና አሉ።

«ሐኪም ቤት የገባም የለም።»

አሁን ሁሉም ቀና አሉ።

«እግዚአብሔርን ማመስገን ነው። ያረፈ ሰው የለም። ስብሰባ ነው። ድንኳኑን የተከልኩት ለፀሐዩ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሸራው ምን እንደሚመስል ረሳሁት።» ከዚያ ይህንኑ ለማዳም ካድራና ለሀጂ ሮብሌ በሶማሊኛ ደገመው። በሶማሊኛ ሲባል ይበልጥ አሳፈረው።

 የመጀመሪያዋ ተናጋሪ እትዬ ዙፋን ነች።

«ታዲያ እኔ ማንን ነው ያለቀስኩት?»

«እኔንጃ፣ እትዬ።»

«ድምፄ እስኪዘጋ! ዘንቢሌን እስክጥል!»

«እኔ ከፈረቃ ወጥቼ ሳልተኛ ነው የመጣሁ!» አለ አንድ የወደብ ሠራተኛ። «ለአንተ ቀልድ!» ከኋላ ያሉት መነሣት ጀመሩ። አንዱ ሊቀ መንበር ሌላው ሊቀ መንበር አጠገብ መቀመጡን ያን ጊዜ አስተዋለና ፈቀቅ አለ።

የጋሽ አለምሰገድ ምርኩዝ መሬት መታ።

«ተቀመጡ! ደንብ አለ! የእድሩ ድንኳን የገባ ሰው እህል ሳይቀምስ አይወጣም። የወጣ ይቀጣል። ደንቡ ሟች ካለ አይልም፤ ድንኳን ከገባ ነው የሚለው። ሽብሩ፣ ዳቦ አስመጣ፣ ሻይ ይፈላ!»

ተቀመጡ። የእድር ቅጣት ከሕግ ቅጣት ይከብዳል፤ ወሬው ከገንዘቡ ይብሳል።

ሁሉም ወደ ማዳም ካድራ ዞረ። ፊቷ ላይ የነበረው ሐዘን ሄዶ በምትኩ ምን እንደሚመጣ ገና አልታወቀም ነበር። በመጨረሻ የመጣው ሳቅ ነው፤ ቶሎ አፈነችው።

«ለቅሶውን ሪፖርቱ ላይ አልጽፍም» አለች። «ደንቡ ግን በአካል ይገኙ ነው የሚለው። ለምን እንደመጡ ይጠየቁ አይልም።» ዞራ ቆጠረች፤ ሾፌሯን ዘለለችው። «ከግማሽ በላይ ናችሁ። እንጀምር።»

ዕቅዱን የተጣመመው ምሰሶ ላይ ሰቀለችው። ሽብሩ እያስተረጎመ አስረዳች፤ ሦስት ፎቅ፣ ሁለት ሁለት መኝታ፣ በየቤቱ ሰፊ ሳሎን።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች እትዬ ዙፋን ሻይዋን ይዛ። ተቆጥታም ቢሆን ከፊት ነው የተቀመጠችው።

«ሳሎን ነው።»

«የማን ሳሎን? እኔ ሳሎን የምቀመጠው መቼ ነው? የሰው ሳሎን ስጠርግ ነው የምውል።»

ያ በር ከፈተ። ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ መናገር ጀመረ። የወደቡ ሰውዬ፣ እነሱ አራት ሆነው አንድ ክፍል ይዘው ሁለቱ ቀን ሁለቱ ሌሊት እንደሚተኙ ተናገረ፤ የሚፈልገው ቀን ጨለማ የሚሆን መስኮት ነው። አስተናጋጁ ብቻውን ነው፤ አንድ ክፍል ይበቃዋል፣ ግን የሚቆለፍ። ውብነሽ ስለ ጣሪያው ተናገረች።

«በሙቀቱ ወራት ክፍል ውስጥ የሚተኛ የለም፣ ማዳም። ሁሉም ጣሪያ ነው የሚያድረው። እዚህ ሥዕል ላይ ጣሪያው ሾጣጣ ነው። ተንሸራተን ልናድር ነው?»

«ይህን ሁሉ ለምን ቀደም ብላችሁ አልነገራችሁኝም?» አለች ማዳም ካድራ። ፈረንሳይኛው ብቅ ብሎ ነበር። «ሁለት ጊዜ ጠራኋችሁ። ያልመጣ ሰው ቤት የሚሠራለት በግምት ነው። እኔ ቤተሰብ ናችሁ ብዬ ገመትኩ።»

 እርሳሷን አወጣች፣ ሳሎኖቹ ላይ መስመር ሳበች። ሳሎን ሲወጣ ክፍል ይበዛል፣ ክፍል ሲበዛ ኪራይ ይወርዳል፤ በዚያ ላይ ግን ለሚበዛው ሰው መጸዳጃውም ውሃውም መብዛት አለበት፣ እሱ ደግሞ ቦታ ይበላል። ልጆች ላሏቸው ጥቂት ሰፋፊ ቤቶች ይቅሩ አለች፣ ተስማሙ። ጣሪያው ጠፍጣፋ ይሁን።

«እዚህ ላይ እቃወማለሁ» አሉ ሀጂ ሮብሌ። ወረቀቱ ከኪሳቸው ወጥቶ ነበር፤ አራት እጥፉን ግን አልፈቱትም። «ጣሪያ ላይ ሰው ካደረ ወደ ግቢዬ ያያል። ቤተሰብ አለኝ።»

«ልክ ነው» አለ ሽብሩ። ሁሉም አየው። «ልክ ናቸው እኮ።»

«በእርስዎ በኩል ያለውን የጣሪያ ግንብ ከሰው ቁመት በላይ አደርገዋለሁ» አለች ማዳም ካድራ። «ነፋሱ በባሕሩ በኩል ይግባ።»

ሀጂ ጺማቸውን ዳሰሱ። ሌላ ተቃውሞ እንዳላቸው ያስታውቃል። እትዬ ዙፋን ቀደመቻቸው፤ ሶማሊኛዋ የወጥ ቤት ቢሆንም ቀጥታ ነው።

«ሀጂ፣ ቁርስዎ ለምን እንደሚዘገይ ያውቃሉ?»

«ስንፍና ነው።»

«ሚኒባስ ነው። ሁለት ሚኒባስ። እዚህ ባድር፣ ሱብሒ ሰግደው ሳይነሡ እንጀራ የመሰለው ላሖሕዎ ጠረጴዛ ላይ ነው። ትኩስ።»

ሀጂ ሮብሌ ሜዳውን አዩ፣ አጥራቸውን አዩ። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት በትኩስ ላሖሕ ሲለኩት ቆዩ። ወረቀቱ ኪሳቸው ተመለሰ።

«ግንቡ ከፍ ይበል» አሉ ብቻ።

ሽብሩ ቀረባቸው። «ሀጂ፣ ስለ ክፍሉ ያሉት ነገር… ለሐዘን ነበር። ሐዘን የለም። ቃልዎን አልይዝብዎትም።»

ሀጂ የተቆጡ ይመስላሉ፤ ምናልባትም ተቆጥተው ነበር። ሰው አልቅሶባቸው፣ አመስግኗቸው፣ ገና እንባው ያልደረቀ ድንኳን ሙሉ ምስክር ይዟቸዋል።

«ይህ አሮጌ ቤት መቼ ይጠገናል?» አሏት ማዳም ካድራን፣ የጥጉን ብሎኬት ቤት በዱላቸው እያመለከቱ።

«እሱ የመጀመሪያው ነው። ግድግዳው ጤነኛ ነው። የሚቀጥለው ሙቀት ሳይገባ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ይገቡበታል፤ ዛሬ የተገኙት ይቀድማሉ። ቢሮው የኔን ሪፖርት ካጸደቀ።»

«ያጸድቃል?»

«ተቃውሞ የሌለበትን መልሶ አያውቅም።»

«እስከዚያ በክፍልህ ተቀመጥ» አሉ ሀጂ ለሽብሩ። «ለአንተ ብዬ አይደለም። ድንኳን ውስጥ ቆሜ የተናገርኩትን ሟች የለም ብዬ ብመልሰው፣ ነገ እኔ ስሞት ማን ሊያምነኝ ነው?»

ሽብሩ እጃቸውን ሊስም ጎንበስ አለ። ሀጂ ዱላቸውን በመካከል አስገቡ።

ውብነሽ ዞር ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች። በዚያ ቀን ከተለቀሰው ሁሉ ምክንያቱ የታወቀ ለቅሶ ይህ ብቻ ነበር፤ አጭርም ነበር።

ማዳም ካድራ ጊዜ አላባከነችም። ከመኪናዋ የኖራ ከረጢት አስወጣችና ሰው ክፍሉ ስንት እንደሚሰፋ በእግሩ ገብቶ እንዲያየው፣ ሜዳው ላይ በኖራ ማስመር ጀመረች። ሽብሩ ከረጢቱን ታቅፎ ተከተላት። ሕዝቡ ከድንኳኑ ወጥቶ ፀሐዩን ረስቶ መስመሩን ከበበ። አንዱ ገብቶ እጁን ዘረጋ፣ አልጋዬ እዚህ አለ። ሌላው በበሩ አልገባህም ብሎ አስወጣው።

«ይህ የጋራ ወጥ ቤት» አለች ማዳም ካድራ። «ይህ የልብስ ማድረቂያ።»

«አይሆንም!» አለች ውብነሽ። መስመሩን ተሻግራ መካከሉ ላይ ቆመች። «ነፋሱ ከባሕር ነው የሚመጣው፣ ማዳም። ወጥ ቤቱ ከነፋሱ በላይ ሆኖ ጭሱ ሁሉ ልብሴ ላይ ሊመጣ? ወጥ ቤቱ ወዲያ ይሂድ።»

«ወዲያማ ፀሐይ ነው!» አለች እትዬ ዙፋን ካጠገቧ። «በዚያ ሙቀት እዚያ ቆሜ ሽንኩርት ላቁላላ? አንቺ አንሶላሽን ወዲያ አስጪው፣ ፀሐይ ይወዳል!»

«እትዬ፣ የኔ አንሶላ ወጥ ወጥ አይሸትም!»

«የኔ ወጥ ምን ሆነ? ሀጂን ጠይቂያቸው!»

ሀጂ ሮብሌ ሳይጠየቁ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሦስቱ ሊቃነ መናብርት በሦስት የተለያየ ሐሳብ ገቡበት። የወደቡ ሰውዬ ስትጨቃጨቁ ቀን እንዴት ልተኛ ነው አለ። ማዳም ካድራ የወጥ ቤቱን መስመር በጫማዋ ጫፍ አጠፋችው፣ ሁለት እርምጃ ወደ ጥጉ ወሰደችው፣ ነፋሱን ለማወቅ ጣቷን አነሣች፣ እንደገና አጠፋችው።

«ሽብሩ!» አለች ሳትዞር። «ኖራ ጨምር!»